ኮንራድ ዙሴና የቼዝ ገበታ

ኮንራድ ዙሴ እ.ኤ.አ. በ1910 ዓ.ም. በጀርመን አገር በበርሊን ከተማ ተወለደ። ሲቪል ምሕንድስና ተምሮ በ1935 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ በአንድ የአውሮፕላን ፋብሪካ ተቀጠረ። በዚያም አንድ ዓይነት ስሌት ደጋግሞ መሥራት አሰለቸው። ስለዚህ ይህን ድካም የሚያቃልል መሣሪያ ለመሥራት ቆርጦ ተነሣ። ሥራውን ትቶ በወላጆቹ ቤት ሳሎን ውስጥ መሥራት ጀመረ፤ በ1938 ዓ.ም. ዜድ 1 የተባለውን መሣሪያ አጠናቀቀ። በ1941 ዓ.ም. ደግሞ ዜድ 3 የተባለውን ኮምፒዩተር ለተመልካች አቀረበ። ይህ መሣሪያ ትእዛዝ የሚቀበለው ከተበሳ የሲኒማ ፊልም ላይ ነበር።

ሆኖም ዙሴን አንድ ሌላ ጥያቄ ያሳስበው ነበር። መሣሪያዎቹ ቁጥር ማስላት ይችላሉ፤ ነገር ግን እንደ ሰው አመዛዝነው መወሰን ይችሉ ይሆን? ይህን ለመፈተን የመረጠው የሰንጠረዥ ዘመድ የሆነውን የቼዝ ጨዋታ ነው። በቼዝ ዋናው ነገር ቁጥር መደመር አይደለም። ንጉሡ አደጋ ላይ መሆኑን፣ ፈረሱ ወዴት መዝለል እንደሚችል ለይቶ ማወቅ ነው።

ታዲያ ይህ ዕቅድ በምን ቋንቋ ይጻፍ? ሰው የሚነጋገርበት ቋንቋ አንዱ ቃል ብዙ ትርጉም ስላለው ለመሣሪያ አይመችም። የመሣሪያው ትእዛዝ ደግሞ እጅግ ጥቃቅን ስለሆነ ረጅሙ ሐሳብ በመካከሉ ይጠፋል። ለዚህ የሚሆን ሌላ ቋንቋ በዚያን ጊዜ ስላልነበረ ዙሴ ራሱ ለመፍጠር ወሰነ።

በዚህ መካከል የዓለም ጦርነት ሥራውን አወከው። ዜድ 3 በ1943 ዓ.ም. በቦምብ ድብደባ ወደመ። በ1945 ዓ.ም. ዙሴ የቀረውን ዜድ 4 ይዞ ከበርሊን ሸሸ፤ በደቡብ ጀርመን ተራሮች መካከል በምትገኘው በሂንተርሽታይን መንደርም ተጠጋ። በዚያ መሣሪያ ለመሥራት አመቺ ሁኔታ ስላልነበረ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ቋንቋውን ወደ ማጠናቀቁ ተመለሰ። ስሙንም ፕላንካልኩል አለው፤ ትርጉሙ የዕቅድ ስሌት ማለት ነው።

በዚህ ቋንቋ ማናቸውም ነገር የሚገነባው ከ«አዎን» እና ከ«አይደለም» ነው። ሦስት እንዲህ ያሉ ምልክቶች ስምንት ነገሮችን ለመለየት ይበቃሉ። የቼዝ ገበታ ወርዱም ቁመቱም ስምንት ስምንት ቤት ስለሆነ፣ ስድስት ምልክቶች ከ64ቱ ቤቶች አንዱን ለይተው ያመለክታሉ። ዙሴ በዚህ ዘዴ የቼዝን ሕግጋት በበርካታ ገጾች ላይ በዝርዝር ጻፈ።

ይሁን እንጂ ቋንቋውን ተቀብሎ የሚሠራ መሣሪያ አልነበረም። ጽሑፉም በሙሉ የታተመው በ1972 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ፎርትራንን የመሰሉ ሌሎች ቋንቋዎች በዓለም ተስፋፍተው ነበር። ስለዚህ የዙሴ ሥራ ቀዳሚ ሆኖ ሳለ ለተከታዮቹ ሳይደርስ ቀረ።

ኮንራድ ዙሴ በ1995 ዓ.ም. በ85 ዓመቱ ዐረፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒዩተር የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን የነበረውን ጋሪ ካስፓሮቭን በውድድር አሸነፈ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የበርሊን ምሁራን ፕላንካልኩልን በኮምፒዩተር ላይ እንዲሠራ አደረጉ። በዚህም ዙሴ መሣሪያ ሳይኖረው በወረቀት ላይ ያቀደው ቋንቋ በሥራ ላይ ሊውል የሚችል መሆኑ ተረጋገጠ።