አበበ ቢቂላ ያን ሁሉ ጉልበት ከየት አመጣው?

በዛሬው የታዋቂ ሰዎች አምዳችን የማራቶን ጀግናውን የሻምበል አበበ ቢቂላን ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ። ታሪኩን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። እኔ ግን በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ኃይል እንዴት እንደሚያገኙ ስንማር አበበ ትዝ አለኝና እንደገና አሰብኩበት።

አበበ የተወለደው በ1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል ቦታ ነው። አገሩ ብርዳም ደጋ ነው፣ ገብስ ይበቅልበታል። በልጅነቱ ከብት ይጠብቅ ነበር፣ ገናም ይጫወት ነበር። ታዲያ ጉልበቱ የጀመረው እዚያው ማሳው ላይ ነው ብል አትሳቁብኝ። ገብስ እንደ ማንኛውም አረንጓዴ ተክል በፀሐይ ብርሃን፣ ከውኃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ምግቡን ራሱ ይሠራል። ሰው ግን እንደዚህ አይችልም። የፀሐይን ኃይል የምናገኘው ተክሉን፣ ወይም ተክል የበላውን እንስሳ በልተን ነው። እንጀራውም ዳቦውም ሆድ ውስጥ ይፈጭና ግሉኮስ ሆኖ ወደ ደም ይገባል። ከዚያ ሴሎቻችን ውስጥ ከኦክሲጅን ጋር ሲገናኝ ኃይል ይወጣል። እንግዲህ አበበ ሲሮጥ የሮጠው በፀሐይ ኃይል ነው ማለት ነው!

አድጎ አዲስ አበባ ሲመጣ ክብር ዘበኛ ገባ። እዚያ ኦኒ ኒስካነን የተባለ ስዊድናዊ አሰልጣኝ አሠለጠነው። ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ኦክሲጅን የሚሸከሙትን ቀይ የደም ሴሎች ያበዛል። ዛሬም በማለዳ ሱሉልታ ላይ አትሌቶች ሲሮጡ የምናየው ለዚህ ነው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ የኦሎምፒክ ማራቶን ተካሄደ። እኛ አገር የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነበር። ውድድሩ ሙቀቱን ለመሸሽ ወደ ማታ ተጀምሮ በጨለማ በችቦ ብርሃን አለቀ። ሙቀት ለምን ያስቸግራል? ምክንያቱም ከምግብ ከሚገኘው ኃይል ጡንቻ ለሥራ የሚያውለው ሩቡን ያህል ብቻ ነው። ሌላው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስንሮጥ የሚያልበን እኮ ሰውነታችን ራሱን ሊያቀዘቅዝ ነው።

አበበ ባዶ እግሩን ነበር። ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን ሲሮጡ ቆይተው፣ ጣሊያኖች ወስደውት የነበረው የአክሱም ሐውልት አካባቢ ሲደርሱ ጥሎት ሄደ። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ፣ የዓለም ክብረ ወሰንም ሆነ። በ1957 ዓ.ም. ደሞ ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ድጋሚ አሸነፈ። ጨርሶ ሳይቀመጥ ሜዳው ላይ ስፖርት ሲሠራ ተመልካቹ ጉድ አለ።

1961 ዓ.ም. ግን ክፉ ዓመት ሆነበት። ጥቅምት ላይ ሜክሲኮ እግሩን አሞት ውድድሩን አቋረጠ፣ ማሞ ወልዴ ግን ወርቁን አስቀረልን። በዚያው ዓመት አበበ መኪና ተገለበጠበትና ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። እዚህ ጋ ሳነብ በጣም አዘንኩ። እግሩ እኮ ያው እግር ነው፣ ደሙም ምግብና ኦክሲጅን ያደርስለታል። የተቋረጠው ከአንጎል በአከርካሪ በኩል የሚመጣው ትእዛዝ ነው። ኃይል ያለ ትእዛዝ እግር አያንቀሳቅስም።

አበበ ግን በቀረው ተጠቀመ። እንግሊዝ አገር እየታከመ በዊልቸር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። ኖርዌይ ውስጥም ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ። እግሩ ቢከለከል ጉልበቱን በእጁ አወጣው። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ገና በ41 ዓመቱ አረፈ። አዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መቃብር ተቀብሯል።

ጓደኞቼ፣ አንድ ነገር ብዬ ላብቃ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ዞሮበት የሚቀመጥ፣ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የሚተኛ ልጅ አለ። አንዳንዶቻችን ሰነፍ እንለዋለን። ግን ቁርስ ሳይበላ መጥቶ ቢሆንስ? አበበ ቢቂላም ሳይበላ ጉልበት አይኖረውም ነበር። ስለዚህ ከመሳቃችን በፊት እንጠይቀው፣ ምሳ ዕቃችንንም ከፈት እናድርግለት። ማን ያውቃል፣ ነገ የሚሮጥልን እሱ ሊሆን ይችላል።