ሁለቱ ቅንዓቶች፦ የወለተ ጴጥሮስ ሕይወትና የታማኝነት ዋጋ

መግቢያ

ቅንዓት የሚለው የግእዝ ቃል ተቃራኒ የሚመስሉ ሁለት ስሜቶችን በአንድነት ይይዛል። በአንድ በኩል የሌላውን ጸጋ አይቶ መብገንን፣ የራስ ያሉትንም አጥብቆ ይዞ አለመልቀቅን ያመለክታል። በሌላ በኩል ስለ እግዚአብሔር ክብርና ስለ ሃይማኖት በፍጹም ልብ መትጋትን ይገልጻል። የዮሴፍን ወንድሞች ለክፋት ያነሣሣው ፊተኛው ሲሆን ነቢዩ ኤልያስ የሚታወቅበት ግን ሁለተኛው ነው። የዛሬው አማርኛ ፊተኛውን አብዛኛውን ጊዜ ቅናት እያለ ቢለየውም፣ በኑሮ ውስጥ ሁለቱን መለየት እንደ ቃላቱ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1592 እስከ 1642 የኖረችው የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ሕይወት ሁለቱ ቅንዓቶች ፊት ለፊት የተጋጠሙበት በመሆኑ ለጥያቄው ጥሩ መመርመሪያ ነው። ስለ እርሷ ዋናው ምንጭ መነኩሴው ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1672፣ ከሞተች ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በቅርብ ከሚያውቋት ሰዎች ቃል እየሰበሰበ በግእዝ የጻፈው ገድል ነው።

ትዳርና ስደት

ወለተ ጴጥሮስ ከባሕር ሰገድና ከክርስቶስ ዕባያ፣ ከመኳንንት ወገን ተወለደች። ለዐቅመ ሔዋን ስትደርስ የዐፄ ሱስንዮስ አማካሪና የጦር አዛዥ ለነበረው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ገድሉ እንደሚተርከው እግዚአብሔርን የማያስደስት ልጅ ከሆነ በሕይወት እንዳይቆይ ትጸልይ ነበር። ለዛሬ አንባቢ ይህ ጸሎት የሚከብድ ነው፤ ገላውዴዎስ ግን ልቧ ገና በትዳር ሳለች ወዴት ያዘነበለ እንደ ነበር ለማሳየት ሳይሸሽግ ጽፎታል።

ዓለምን ለመናቅ ቈርጣ በጣና ሐይቅ አካባቢ በነበሩ መነኮሳት ርዳታ በስውር ከቤቷ ወጣች፤ ጠጕሯንም ተላጨች። የመልክአ ክርስቶስ ቅንዓት የታየው በዚህ ጊዜ ነው። ሚስቱን ለማስመለስ ጦር አስከትቶ የተጠለለችበትን ከተማ አስጠፋ። እርሷም በእርሷ ምክንያት የድኻው ቤት መፍረሱን፣ ሀብቱም መዘረፉን በሰማች ጊዜ ለጀመረችው መንገድ ስትል ሌሎች እንዲጠፉ አልፈቀደችም፤ ወደ ባሏ ቤት ተመለሰች። ይህ መመለስ የሽንፈት ያህል ቢመስልም የገድሉ ዋና መጋጠሚያ እዚህ ላይ ነው። ባል የያዘውን ላለመልቀቅ የሌላውን ቤት አፈረሰ፤ ሚስት ግን የሌላው ቤት እንዳይፈርስ ከሁሉ አብልጣ የተመኘችውን ለጊዜው ተወች።

እ.ኤ.አ. በ1617 ንጉሡን በተቃወሙት ሰዎች ወገን የቆሙት አቡነ ስምዖን በጦርነት ላይ ተገደሉ። የጳጳሱ ልብስ በባሏ እጅ መግባቱን ስታውቅ ወለተ ጴጥሮስ ከዚያ ወዲያ የሚስትነት ግዴታዋን ለመፈጸም እንቢ አለች። በእርሷ አስተሳሰብ ለባል መታመን ለቤተ ክርስቲያን ከመታመን ጋር ሊሄድ የሚችልበት መንገድ ተዘግቶ ነበር። መልክአ ክርስቶስም በመጨረሻ ለቀቃት፤ እርሷም መነኰሰች። በዚሁ ጊዜ አካባቢ የእርሷን ዓይነት መንገድ ከመረጠችው ከእኅተ ክርስቶስ ጋር ተዋወቀች፤ ሁለቱም እስከ ሞት ድረስ አልተለያዩም።

በንጉሥና በሃይማኖት መካከል

ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ሲቀበሉ የመታመን ጥያቄ ከቤት ወደ አደባባይ ወጣ። ወለተ ጴጥሮስ አዲሱን እምነት በግልጽ ነቀፈች፤ ሕዝቡም የአባቶቹን ሃይማኖት እንዲጠብቅ ከቦታ ወደ ቦታ እየተዘዋወረች አስተማረች። የሴት ልጅ ማስተማር ያላስደሰታቸው አንዳንድ ሊቃውንት በቅንዓት ተነሣሥተው፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ሴት እንዳታስተምር ማዘዙን በመጥቀስ ለምን እንደማይገሥጻት የዘመኑን መምህር ፈትለ ሥላሴን እንደ ጠየቁት ገድሉ ያወሳል። የመምህሩ መልስ ወቀሳውን ወደ ጠያቂዎቹ መለሰው፤ ወንዶቹ ዝም ስላሉ እግዚአብሔር እርሷን ለተግሣጻቸው እንዳስነሣ ነገራቸው። እዚህም ሁለቱ ቅንዓቶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዱ ለራስ ክብር፣ ሌላው ለሃይማኖት።

በኋላም በንጉሡ ፊት ለፍርድ ቀረበች። በሞት እንድትቀጣ ሐሳብ ሲቀርብ ከሞት እንድትድን ከጣሩት መካከል መልክአ ክርስቶስ አንዱ ነበር። ቀድሞ ስለ እርሷ ከተማ ያጠፋው ሰው ይህን ማድረጉ፣ የሚይዝ ቅንዓት ወደሚራራ ፍቅር ሊለወጥ እንደሚችል ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ1625 ወደ ኢትዮጵያ የገባው የካቶሊኩ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ እርሷን ለመመለስ ብዙ ጣረ፤ አልሆነለትም። ስለዚህ ወደ ምዕራቡ ጠረፍ፣ ዠበይ ወደሚባል ቆላ አገር ተጋዘች፤ በዚያም ሦስት ዓመት ቆየች።

ማኅበሩና ሥርዐቱ

ከሰው እንድትርቅ የተላከችበት ስፍራ የመጀመሪያው ማኅበሯ መነሻ ሆነ፤ ሴቶችም ወንዶችም እየፈለጉ ወደ እርሷ መጡ። ከዚያ በኋላ በጣና አካባቢ ሌሎች ማኅበራት ተከተሉ፤ ገድሉም በጠቅላላው ሰባት ይቈጥራል። የማኅበሩ ንብረት የጋራ ነበር። የመኳንንት ልጅ የሆነችው መሪም እህል ትፈጭ፣ ውኃ ትቀዳ፣ እንጨት ትለቅም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ሲለቁ የወለተ ጴጥሮስ ትግል ከውጭ ወደ ውስጥ ዞረ። ጠላት በሌለበት ጊዜ የማኅበሩን ልብ በአንድነት መጠበቅ በስደት ከመጽናት አላነሰም። ተከታዮቿ ኃጢአት ሠርተው ከሚጠፉ በንጽሕና ቢሞቱ ይሻላል ብላ ትለምን እንደ ነበርና በበሽታ ብዙዎች ማለቃቸውን ገድሉ ይናገራል። ስለ ልጆቿ የጸለየችው ጸሎት በማኅበሩ ላይ ተደገመ ማለት ነው። ስለ አንድ ከተማ ሕዝብ የራሷን ምኞት የተወችው ሴት ስለ ነፍሳቸው ስትል የተከታዮቿን ሕይወት ለመስጠት አላመነታችም።

ወለተ ጴጥሮስ ከሦስት ወር ሕመም በኋላ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐረፈች፤ በጣና ሐይቅ በሚገኘው በሬማ ደሴት ገዳም ተቀበረች። በእርሷ ቦታ እኅተ ክርስቶስ ማኅበሩን መራች።

ማጠቃለያ

የባሏ፣ የሊቃውንቱና የወለተ ጴጥሮስ ቅንዓት በብርታት አይበላለጥም፤ ሁሉም እስከ መጨረሻ ለመሄድ የተዘጋጀ ነበር። በገድሉ ውስጥ አንዱን ከሌላው የሚለየው ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ነጥብ ነው። መልክአ ክርስቶስ ዋጋውን ከማያውቃቸው ድኾች ላይ አስከፈለ፤ ወለተ ጴጥሮስ በመመለሷና በግዞቷ ራሷ ከፈለች። ስለ ልጆቿና ስለ ማኅበሯ የጸለየችው ግን ይህ መለኪያ በእርሷም ላይ ሙሉ በሙሉ እንደማይሠራ ያሳያል፤ ለእግዚአብሔር ፍጹም መሰጠት የሌላውን ሰው ሕይወት ጭምር አብሮ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ገላውዴዎስ ሁለቱንም ሳያስታርቅ ጽፎ አቆየ።

ከሞተች በኋላ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ በስሟ የተከበረው የቋራጣ ደብር ከገዢ ቍጣ የሚሸሹ ሰዎች የሚጠለሉበት ስፍራ ሆነ። መጠለያዋ የሆነ ከተማ በእርሷ ምክንያት የጠፋባት ሴት፣ በመጨረሻ ስሟ ራሱ ለሌሎች መጠለያ ሆነ።