ስለ እንቅርት የደከሙት ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር

ቴዎዶር ኮኸር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1841 ዓ.ም. በስዊስ አገር በበርን ከተማ ተወለዱ። በዚያው ሕክምና ተምረው ከጨረሱ በኋላ በርሊን፣ ሎንዶንና ፓሪስ ሄደው የታወቁ ሐኪሞችን ሥራ ተመለከቱ። በ1872 ዓ.ም. በበርን ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ጥገና ፕሮፌሰር ሲሆኑ ገና የ30 ዓመት ሰው ነበሩ።

በዚያ ዘመን በስዊስ ተራሮች እንቅርት እጅግ የበዛ በሽታ ነበር። (የእኛም ደገኛ አሳምሮ ያውቀዋል፤ ከእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የተባለው ያለ ነገር አይደለም።) እንቅርት ማውጣት ብዙ ደም ስለሚያፈስ ሐኪሞች ይፈሩት ነበር። ኮኸር ግን ንጽሕና ጠብቀው፣ የደም ሥሩን አንድ በአንድ እየቋጠሩ፣ ሳይቸኩሉ ይሠሩ ስለ ነበር በሽተኞቻቸው ይድኑላቸው ጀመር።

ከባዱ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1874 ዓ.ም. ዕጢዋን በሙሉ ያወጡላት አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ጠባይዋ መለወጡን ሰሙ። በ1882 ዓ.ም. ደግሞ የጄኔቫው ሐኪም ሬቨርደን ተመሳሳይ ነገር እንዳዩ ነገሯቸው። ኮኸር የቀድሞ በሽተኞቻቸውን አስጠርተው ቢመረምሩ፣ ዕጢያቸው በሙሉ ከወጣው 18 ሰዎች 16ቱ ፊታቸው አብጦ፣ ሰውነታቸው ዝሎ፣ አእምሯቸው ፈዝዞ አገኟቸው። ያቺም ልጅ ከታናሽ እኅትዋ አጥራ ቀርታ ነበር። ይህን ሁሉ ሳይሸሽጉ በ1883 ዓ.ም. በበርሊን በሐኪሞች ጉባኤ ፊት ተናገሩ፤ ከዚያም ወዲህ እንቅርት ሲያወጡ ከዕጢው ጥቂት ያስቀሩ ጀመር። በ1909 ዓ.ም. ከቀዶ ጥገና ሐኪሞች የመጀመሪያው ሆነው የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን ከሽልማቱ ይልቅ የሚያስከብራቸው የበርሊኑ ንግግር ነው።

ዕጢው ለምን እንደሚያብጥ ዛሬ በደንብ ታውቋል። የዕጢው ሕዋስ ሶዲየምን ዘወትር ወደ ውጭ ይገፋል። የተገፋው ሶዲየም በልዩ በር ተመልሶ ሲገባ፣ ሁለት ሶዲየም አንድ አዮዲን ይዞ ይገባል፤ ሕዋሱም ከአዮዲኑ ሆርሞን ይሠራል። የዚህ በር ጂን ተለይቶ የታወቀው በ1996 ዓ.ም. ነው። ሆርሞኑ ሲያንስ ከአንጎል ሥር ያለችው የፒቱታሪ ዕጢ ሌላ ሆርሞን በመልእክተኛነት ትልካለች፤ በሩም ይበዛል፣ ሥራውም ይፋጠናል። ከምግቡ አዮዲን ከጠፋ ግን መልእክቱ ሳያቋርጥ ይመጣል፤ ዕጢውም በከንቱ እየደከመ ያብጣል። ዕጢው ጨርሶ የወጣለት ሰው ደግሞ መልእክቱን የሚቀበል የለውም።

ኮኸር 5000 ያህል የእንቅርት ቀዶ ጥገና ካደረጉ በኋላ በ1917 ዓ.ም. በበርን ዐረፉ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1922 ዓ.ም.፣ በስዊስ አገር አዮዲን በጨው ውስጥ ይጨመር ጀመር።