ላላያት አገር የተናዘዘው ድንጋይ ሰብሳቢ

ዋሽንግተን ዲሲ ዘመድ ጠይቀው የሚመለሱ ወዳጆቼ የስሚዝሶኒያንን ሙዚየሞች ሳያነሱ አይቀሩም። መግቢያው በነፃ መሆኑ፣ ሆፕ የተባለው ሰማያዊ አልማዝ፣ አውሮፕላኖቹ... ስሙ የማን ነው ብላችሁ ብትጠይቋቸው ግን የአንድ አሜሪካዊ ቱጃር ይመስላቸዋል። ሰውየው ቱጃርም አሜሪካዊም አልነበረም። አሜሪካን ረግጧት እንኳ አያውቅም። እንግሊዛዊ ነው፤ ዕድሜውን የፈጀውም ድንጋይ ሲለቅም ነው። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይያዝልኝ።)

ጄምስ ስሚዝሰን በ1765 ገደማ ፓሪስ ውስጥ በድብቅ ተወለደ። እናቱ ኤልሳቤጥ ሜሲ ባሏ የሞተባት ባለጸጋ ወይዘሮ ነበረች። አባቱ ደግሞ የኖርዘምበርላንዱ መስፍን ሂው ፐርሲ ናቸው፤ ባለትዳር። መስፍኑ ልጄ ነው ብለው በአደባባይ አልተቀበሉትም። ልጁ እንግሊዝ ገብቶ ዜግነት ሲሰጠውም የመንግሥት ሹመት እንዳይዝና ፓርላማ እንዳይገባ የሚከለክል ገደብ ተጨመረበት። እናቱ በ1800 እስክትሞት ድረስ የተጠራው በእሷ ሟች ባል ስም ነው። ስሚዝሰን የሚለውን የአባቱን የጥንት የቤተሰብ ስም የወሰደው ከዚያ በኋላ፣ በሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ሆኖ ነው። በአማርኛ ዲቃላ የምትለዋ ቃል ምን ያህል እንደምትቆረቁር የምናውቅ ሰዎች ነገሩ ይገባናል።

ሹመቱ ሲዘጋበት ወደ ሳይንስ ዞረ። በ1784፣ ገና የኦክስፎርድ ተማሪ ሳለ፣ ፎዣ ደ ሴንት ፎን ከተባሉት ፈረንሳዊ የሥነ ምድር ሊቅ ጋር የስኮትላንዷን የስታፋ ደሴት ሊያይ ተጓዘ። ከሦስት ዓመት በኋላ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አባል አደረገው። ከዚያ ወዲህ ከአገር አገር እየዞረ የማዕድን ክሪስታሎችን ሰበሰበ። ሲሞት ስብስቡ ከስምንት እስከ አሥር ሺሕ የሚገመት ናሙና ነበረው። ብዙዎቹ ትንንሾች ናቸው፤ ግን ጠርዛቸው ያልተሸረፈ፣ ገጻቸው ጥርት ያለ። የዘመኑ ባለጸጎች ትልልቅና አብረቅራቂ ድንጋይ ሳሎናቸው ውስጥ ሲደረድሩ እሱ ትንሹን የመረጠበት ምክንያት አለው። የአንድን ማዕድን ማንነት ከሚነግሩት ነገሮች አንዱ የክሪስታሉ ገጾች የሚገናኙበት ማዕዘን ነው፤ ይህ ደግሞ ያልተጎዳ ክሪስታል ይጠይቃል እንጂ ትልቅ ክሪስታል አይጠይቅም።

ስሙን ያስጠራው የካላማይን ጉዳይ ነው። ካላማይን የዚንክ ማዕድን ነው፤ ከመዳብ ጋር ሲቀልጥ ናስ ይወጣዋል። የክሪስታል ሳይንስ አባት የሚባሉት ፈረንሳዊው ቄስ አዊ ካላማይን ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ብለው ነበር። ስሚዝሰን ከኦስትሪያው ብላይበርግ፣ ከእንግሊዞቹ ዳርቢሸርና ሜንዲፕ ኮረብታዎች ያገኛቸውን ናሙናዎች መዘነ፣ አሞቀ፣ በአሲድ ፈተነ። አንዱ የዚንክ ካርቦኔት፣ ሌላው ከሲሊካ ጋር የተዋሐደ ዚንክ ሆኖ አገኘው። በ1802 ያቀረበው ይህ ጥናት ትክክል ነበር። እሱ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1832፣ ካርቦኔቱ ስሚዝሶናይት ተባለ። አባቱ የነፈጉትን ስም ድንጋይ ተሸከመው።

በጥቃቅን ነገር መሥራት ይወድ ነበር። የአንዲት ሴት እንባ በጉንጯ ሲወርድ በብርጭቆ ለመቅለብ ሞክሮ ግማሹ አመለጠው፤ በተረፈው ጠብታ ውስጥ ያሉትን ጨዎች መረመረ። ይህን ያወሩት የሮያል ሶሳይቲው ፕሬዚዳንት ዴቪስ ጊልበርት ናቸው። ስለ ቡና አፈላልም ጽፏል፤ እኛን ሳያማክር። የመጀመሪያ ጽሑፉ (1791) ደግሞ በቀርከሃ አንጓ ውስጥ ስለሚገኘው ታባሺር ስለተባለ ነገር ነው። ሲሊካ መሆኑን አረጋገጠ። በ2000 ዓ.ም. በወሎ ደላንታ የተገኘው ኦፓላችንም ሲሊካ ነው፤ እንደ ታባሺሩ ውኃ ሲጠጣ መልኩ ይለወጣል።

እኔን የሳበኝ ግን ኑዛዜው ነው፤ ሕግ ያጠና ሰው አመል ሆኖብኝ። ልጅ አልነበረውም። በ1826 ንብረቱን ለወንድሙ ልጅ ተናዘዘ። ከእሱ በኋላ ለእሱ ልጆች፣ በጋብቻ ውስጥ ተወለዱ ከጋብቻ ውጭ፣ እኩል እንዲተላለፍ በግልጽ ጻፈ። የእንግሊዝ ሕግ ከጋብቻ ውጭ የተወለደን የማንም ልጅ አይደለም በሚልበት ዘመን ይህን መጻፍ ቀላል አልነበረም። የእኛ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በውርስ ረገድ ልዩነቱን ያስወገደው ከ130 ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። የወንድሙ ልጅ ዘር ሳይተው ቢሞት ግን ንብረቱ በሙሉ ለአሜሪካ እንዲሆንና በዋሽንግተን ዕውቀትን የሚያሳድግና የሚያስፋፋ ተቋም በስሙ እንዲመሠረት አዘዘ። ምክንያቱን አልጻፈም። በእኔ ግምት፣ ደሙ የመስፍን ሆኖ ማዕረጉ የተነፈገው ሰው መሳፍንት የሌሉባትን አገር መምረጡ ብዙ አያስገርምም።

በ1829 ጄኖቫ ላይ ሞተ። የወንድሙ ልጅም በ1835 ያለ ልጅ ተከተለው። አሜሪካኖቹ እንደ እኛ አገር ወራሾች ተሻምተው አልመጡም፤ እንቀበል አንቀበል ብለው ተከራከሩ እንጂ። ሴናተር ካልሁን ኮንግረሱ ስጦታ የመቀበል ሥልጣን የለውም፣ ክብሩም አይፈቅድም አሉ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ግን ሽንጣቸውን ገትረው ቆሙ። በ1836 ሪቻርድ ረሽ የተባሉ ጠበቃ ለንደን ተላኩ። ዘር ማንዘር ይፈጃል በሚባልለት የቻንሰሪ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ረቱ። እኔ ለሙያ ባልደረቦቼ ሁሌ የማነሳው ይህንን ነው። 104,960 የወርቅ ሶቨሪን በመርከብ ተሻገረ፤ ቀልጦ ሲመነዘር ከ508,000 ዶላር በላይ ሆነ። ገንዘቡ በአርካንሶ ግዛት ቦንድ ላይ ውሎ ግዛቷ መክፈል አቃታት። አዳምስ ተሟግተው ኮንግረሱ እንዲተካ አደረጉ። ተቋሙ በ1846 ተመሠረተ።

ድንጋዮቹም አብረው ተሻግረው ነበር። በጥር 1865 ሠራተኞች የምድጃ ቧንቧ በጭስ መውጫው ፈንታ በግድግዳው ባዶ ክፍተት ውስጥ ሰኩት፤ ሕንፃው ተያያዘ። የሰውየው ክሪስታሎችና ያልታተሙ ጽሑፎቹ በእሳቱ ጠፉ። ዛሬ ስሚዝሶኒያን ከ350,000 በላይ የማዕድን ናሙናዎች አሉት፤ የመሥራቹ ስብስብ ግን የለም።

ጄኖቫ የተቀበረበት ኮረብታም ለድንጋይ ማውጫ እየተቆረሰ መቃብሩ ጋ ሲደርስ፣ የስልኩ ሰው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ሄደው በ1904 አፅሙን ዋሽንግተን አመጡት። በ1973 አጥንቱን ለመመርመር ሣጥኑ በእሳት ሲበየድ የውስጡ ሐር ተቀጣጠለ። አፅሙ በማጥፊያ ኬሚካል እንዳይበላሽ የሰጉት ሠራተኞች ወደ መጠጥ ውኃ ቧንቧው እየሮጡ፣ ውኃ በአፋቸው ሞልተው እየተመለሱ፣ እፍ እያሉበት አጠፉት።