አቦ እና የዝቋላ ቀዝቃዛ ውሃ

ሰሞኑን ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር በረዶ ሰብሮ ውሃ ውስጥ የሚዘል ፈረንጅ ነው የሚመጣብኝ። ሌላው ጥቁር የጎማ ልብስ ለብሶ በኖርዌይ ባህር ማዕበል ላይ ይንሸራተታል። እኛ የከሚሴ ልጆች የምናውቀው ሙቀቱን ነው። ቪዲዮውን ያሳየሁት ጓደኛዬ ግን ወዲያው ያነሳብኝ አቦን ነው። ሙስሊም ነው፤ በየወሩ በ5 አያቴ የምትዘክረውን ዳቦ እየበላ ስላደገ ታሪኩን ከኔ እኩል ያውቀዋል።

አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ የግብፅ ሰው ናቸው። ገድላቸው እንደሚለው ከአባታቸው ስምዖንና ከእናታቸው አቅሌስያ ተወልደው 562 ዓመት ኖረዋል፤ 300ውን በግብፅ፣ 262ቱን በኢትዮጵያ። ወደዚህ የመጡት በላሊበላ ዘመን ነው ይባላል። ልብሳቸው የገላቸው ጠጉር ነው፤ 60 አንበሳና 60 ነብር ይከተሏቸው ነበር። ሥዕላቸውን ያላየ አለ?

ዝቋላ ከቢሾፍቱ በስተደቡብ ያለ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ቁመቱ ወደ 3 ሺህ ሜትር ይጠጋል፤ አናቱ ላይ ሐይቅ አለ። አቦ የኢትዮጵያን ሰው ኃጢአት አይተው፣ ምሕረት እስኪሰጠው ድረስ ብለው እዚያ ሐይቅ ውስጥ በጭንቅላታቸው ተተክለው 100 ዓመት ጸለዩ ይላል ገድሉ።

ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይወስዳል። በጣም ሲቀዘቅዝ ደግሞ ገና ስትገቡ ትንፋሽ ያሳጣል፤ በዚያች ደቂቃ ውሃ ስቦ የሚሰጥም አለ። የፈረንጁ ልብስ ሥራው የገላው ሙቀት ቶሎ እንዳይወጣ መያዝ ነው። እኔ ባለፈው ጥር ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ውጭ ባደረ ባልዲ ውሃ ፊቴን ነክሬ ሞከርኩት። ጓደኛዬ በስልኩ ቆጠረልኝ፦ 19 ሰከንድ! ያውም የከሚሴ ውሃ።

እኔን የሚገርመኝ ግን 100 ዓመቱ አይደለም። ሰውየው ውሃ ውስጥ የገቡት ላልተወለዱበት አገር ሰው ነው። በ2013 ዓ.ም. ዞናችን ውስጥ ተኩስ በነበረበት ሰሞን ጎረቤት ጎረቤቱን መፍራት ጀምሮ ነበር። እኔም ፈርቻለሁ፣ ምን እደብቃለሁ። አያቴ ግን ዝክሯን አላስታጎለችም። ዳቦውን ቆርሳ እንደወትሮው ግማሹን ለጓደኛዬ ቤት ላከችኝ። ያቺን ሃምሳ እርምጃ እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነው የሄድኩት። የጓደኛዬ እናት ሳህኑን ባዶ አልመለሱትም፤ ቴምር ሞሉበት።

አቦ ያረፉት መጋቢት 5 ነው። በዚያ ቀን ዝቋላን ክርስቲያኑ ይወጣዋል፤ ተራራው በኦሮሞ ባህላዊ እምነትም የተከበረ ነው። ዘንድሮ ከጓደኛዬ ጋር ልንሄድ ተነጋግረናል። ውሃውን በእጄ ብቻ ነው የምነካው።