ሶንግ ጺ፦ ለሟች ሐቅ የቆመው ዳኛ



በዚህ እትም የሕይወት ታሪኩን የምናነሳው ሰው ሙስሊም አልነበረም። የደከመለት ጉዳይ ግን ለእኛም ቅርብ ነው፤ የተገደለ ሰው ሐቁ እንዳይጠፋ፣ ያልገደለም በሐሰት እንዳይቀጣ። በጀመዓችን ውስጥ ሕክምናና ሕግ የምታጠኑ ደግሞ ይበልጥ ትጠቀሙበታላችሁ ብለን እናስባለን።

ሶንግ ጺ እ.ኤ.አ. በ1186 በደቡብ ምሥራቅ ቻይና፣ በፉጂያን ግዛት ተወለደ። ይህ ግዛት ለሙስሊሞች ባዕድ አልነበረም፤ በቹዋንጁ ወደብ ለንግድ የመጡ ወገኖቻችን በ1009 መስጂድ ሠርተውበት ነበር። ሶንግ ጺ በ1217 ከባዱን የመንግሥት ፈተና አልፎ ተሾመ፤ ነገር ግን አባቱ በመሞታቸው ሥራ ሳይጀምር ቀረ። ሥራ የያዘው ወደ አርባ ዓመቱ ግድም ነው። ከዚያ በኋላ በተለያዩ ግዛቶች አራት ጊዜ የፍርድ ሹም ሆነ። በጓንግዶንግ ሳለ ውሳኔ አጥተው የታሰሩ ከ200 በላይ ሰዎችን ጉዳይ በ8 ወር ውስጥ ቋጨ።

በሥራው ላይ አንድ ነገር አሳሰበው። ብዙ ሹሞች የአስከሬኑን ሽታ ሸሽተው ርቀው ይቆማሉ፤ የበታቾቻቸው የነገሯቸውን ይዘው ይፈርዳሉ። የበታቹ ጉቦ ከበላ ቁስሉ ይደበቃል፣ ወይም ያልነበረ ቁስል ይጻፋል። በዚህ መሐል የሚጠፋው የሰው ነፍስ ነው። ስለዚህ በ1247 በደልን ስለማጥራት የሚናገር መጽሐፍ አዘጋጀ። በአስከሬን ምርመራ ላይ ከተጻፉና እስከ ዘመናችን ከደረሱ መጻሕፍት ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው።

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ትእዛዝ ሹሙ ራሱ ቀርቦ ይመልከት የሚል ነው። ፀጉር ሥር እንኳ ይፈተሽ፤ አናት ላይ የተመታ ሚስማር ሊኖር ይችላልና።

ከዚያ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ያስረዳል። ከእሳት ቃጠሎ የወጣ አስከሬን አፉና አፍንጫው ውስጥ ጥላሸት ካለ፣ ሰውየው እሳቱ ሲነሳ ይተነፍስ ነበር ማለት ነው። ጥላሸት ከሌለ ግን ተገድሎ ኋላ የተቃጠለ ሊሆን ይችላል። ራሱን የሰቀለ ሰው የገመዱ ምልክት ከጆሮው ኋላ ወደ ላይ ይወጣል፣ ማጅራቱ ላይም አይገጥምም፤ በሰው እጅ የታነቀ ግን ምልክቱ አንገቱን ዙሪያውን ይከባል። በሕይወት ሳለ የተቆረጠ ሥጋ ይኮማተራል፣ ደም ይቋጥራል፤ ከሞት በኋላ የተቆረጠው ግን ነጣ ብሎ ይቀራል። በስለት የተጠቃ ሰው እጁን አንስቶ ስለሚከላከል መዳፉና ክንዱ ላይ ቁስል ይገኛል። የዛሬ የፎረንሲክ ሐኪሞችም ከእነዚህ ብዙዎቹን ይፈልጋሉ።

ተንኮልንም አልዘነጋም። አንዳንዱ ሌላውን ለመክሰስ በዛፍ ልጣጭ ቆዳ ላይ የበለዘ የሚመስል ቀለም ያወጣ ነበር። ሶንግ ጺ በእጅ ዳስሱት ይላል፤ በምት የበለዘ ቦታ ያብጣል፣ ይጠነክራል፤ በልጣጭ የተቀባው ግን ለስላሳ ነው።

በመጽሐፉ ከሰፈሩት ታሪኮች በጣም የታወቀው የማጭዱ ነው። አንድ ሰው መንገድ ዳር ሞቶ ተገኘ፤ ሰውነቱ ላይ ከአሥር በላይ የማጭድ ቁስል አለ፣ ንብረቱ ግን አልተነካም። መርማሪው ይህ የሌባ ሳይሆን የቂመኛ ሥራ ነው አለ። የሟችን ሚስት ሲጠይቃት፣ ብድር ተከልክሎ ከባሏ ጋር የተኳረፈ ሰው እንዳለ ነገረችው። መርማሪው ግን በጥርጣሬ ብቻ አልያዘውም። የአካባቢው ሰው ሁሉ ማጭዱን እንዲያመጣ አዘዘና ሰባ ሰማንያ የሚሆኑትን መሬት ላይ ደረደራቸው። ወቅቱ በጋ ነበርና ዝንቦች መጥተው አንዱ ማጭድ ላይ ሰፈሩ። ማጭዱ የዚያው ሰው ነበር። ቢታጠብም የደሙ ሽታ አልለቀቀውም። ሰውየውም አመነ።

ሶንግ ጺ አልተሳሳተም ማለታችን አይደለም። የሰው አጥንት በዓመቱ ቀናት ልክ 365 ነው ብሎ ጽፏል፤ የልጅ ደም የወላጅ አጥንት ላይ ሲንጠባጠብ ይሰርጋል የሚለውንም ተቀብሏል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። የተሳሳተውም በዓይኑ ሳያረጋግጥ ከሌላ የሰማውን ሲቀበል ነው፤ ራሱ ሹሞችን ያስጠነቀቀበት ነገር ማለት ነው።

በ1249 በጓንግጁ ከተማ ሞተ። መጽሐፉ ግን እየታረመና እየተጨመረበት በቻይና ፍርድ ቤቶች ለ600 ዓመታት ያህል አገለገለ፤ ወደ ኮሪያና ጃፓንም ተሻገረ።

ውድ እህት ወንድሞቻችን፣ ዲናችን የአንድን ነፍስ ክብደት፣ ወሬን የማጣራትን ግዴታ፣ የሟችንም ክብር አስተምሮናል። ነገ ከእኛ መካከል አንዱ አስከሬን ክፍል ይገባል፣ አንዷ ዳኝነት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ያኔ ሽታውን ሸሽተን፣ ወይም ደክሞን፣ ሌላው በነገረን ላይ እንፈርም ይሆን? ፊርማችን አማና ነው፤ ሟች ቆሞ አይከራከርም፤ አላህ ግን ያያል።

አላህ የሚጠቅም ዒልም ይስጠን። ወሰላሙ ዐለይኩም።