ጆን ሌነን፦ ክስ የበላው ጓደኝነት

 ዛሬ ከሰሞኑ ፖለቲካ ወጣ ብለን የአንድ ታዋቂ ሰው ታሪክ ይዘን መጥተናል። ሰውየው የቢትልሱ ጆን ሌነን ነው። ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ስንከፍት ዘፈኖቻቸውን እስከ ዛሬ እንሰማቸዋለን። እነዚያ አራት ልጆች ፍርድ ቤት ምን ያህል እንደተቆራቆሱ ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። ዘመኑን በሙሉ የምንናገረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጆን በ1940 ሊቨርፑል ውስጥ ተወለደ። ያሳደገችው አክስቱ ናት። በጁላይ 1957 በአንድ የቤተ ክርስቲያን በዓል ላይ ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ውሎ ፖል ማካርትኒ ከሚባል የ15 ዓመት ልጅ ጋር ተዋወቀ። ፖል ከወራት በፊት እናቱን በካንሰር አጥቷል። በ1958 ደግሞ የጆን እናት መኪና ገጭቷት ሞተች። ይህ ሐዘን ሁለቱን እንደ ወንድም አስተሳሰራቸው። አንዱ ብቻውን የጻፈው ዘፈን እንኳ በሁለቱም ስም እንዲወጣ ተስማሙ።

ታዲያ እንዲህ የተዋደዱ ሰዎች እንዴት ተካሰሱ? በ1967 አራቱ የ10 ዓመት የሽርክና ውል ፈረሙ። አንዱ ብቻውን አልበም ቢሠራ እንኳ ገንዘቡ ወደ ጋራ ካዝና ይገባል። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ እንደ አባት ሆኖ የሚያስተዳድራቸው ብራያን ኤፕስታይን በ32 ዓመቱ ሞተ። በ1968 አፕል የሚባል ድርጅት ከፈቱ፤ ገንዘቡ ግን እንደ ውኃ ይፈስ ጀመር። በ1969 ማን ያስተዳድረን የሚለው ጥያቄ ለያያቸው። ጆን፣ ጆርጅና ሪንጎ የኒው ዮርኩን አለን ክላይንን መረጡ። ፖል ደግሞ ጠበቆች የሆኑትን አማቱንና የሚስቱን ወንድም ፈለገ። የፖል አማት እንዴት ሁላችንን ያስተዳድራል ብሎ መጠርጠር ያለ ነው አይደል? ፖልም ክላይንን ያለማመን መብት ነበረው።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ክላይን ውሉ ላይ አልፈረመም። ስለዚህ ፖል ከእሱ ለመላቀቅ የነበረው መንገድ ሽርክናው እንዲፈርስ ሦስቱን ጓደኞቹን መክሰስ ነበር። ዲሴምበር 31 ቀን 1970 ለንደን በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክሱን አስገባ። ፖል ችሎት ቀረበ፤ ሦስቱ ግን መልሳቸውን በጽሑፍ ላኩ። በማርች 1971 ዳኛው ለፖል ፈረዱ፤ ገንዘቡን የሚጠብቅ ገለልተኛ ሰውም ተሾመ።

ፖል ፍርዱን ቢያሸንፍም ልቡ ግን ተሰብሮ ነበር። ባንዱ ሲፈርስ ስኮትላንድ ባለው እርሻው ተደብቆ መጠጥ ውስጥ ገብቶ እንደነበር በኋላ ራሱ ተናግሯል። በ1971 በአልበሙ ጆንን ነካ አደረገው። ጆን በዚያው ዓመት ኢማጂን በተባለው አልበሙ ላይ ፖልን በስድብ የሚያብጠለጥል ዘፈን አወጣ። ጊታሩን የመታው ጆርጅ ነው። ገመናቸው ዓለም ሁሉ በሚገዛው ሸክላ ላይ ወጣ።

በ1973 የክላይን ውል ሲያልቅ ሦስቱ አላደሱለትም፤ ይባስ ብሎ እነሱም ከሰሱት። ጆን በዚያን ጊዜ እንደኛው ስደተኛ ነበር። በ1968 ለንደን ውስጥ በሐሺሽ ተቀጥቶ ስለነበር አሜሪካ ልታባርረው ትታገለው ነበር፤ ግሪን ካርድ ያገኘው በ1976 ነው። በዲሴምበር 1974 የባንዱን መፍረስ ለመፈረም ኒው ዮርክ ሆቴል ሲጠበቅ ቀረ። ከቀናት በኋላ ፍሎሪዳ ዲዝኒ ወርልድ ከልጁ ጋር ሄዶ ሳለ እዚያው ፈረመ። በጃንዋሪ 1975 ሽርክናው በሕግ ፈረሰ።

ወረቀቱ ሲያልቅ ንዴቱም በረደ። ፖል ኒው ዮርክ ሲመጣ የጆንን ቤት ያንኳኳ ነበር። በኤፕሪል 1976 አብረው ቴሌቪዥን አይተው አመሹ፤ ከዚያ በኋላ በአካል አልተገናኙም። ዲሴምበር 8 ቀን 1980 ጆን በ40 ዓመቱ ቤቱ በር ላይ በጥይት ተገደለ። የመጨረሻ የስልክ ወሬያቸው የሰላም መሆኑ እንደሚያጽናናው ፖል ደጋግሞ ተናግሯል።

ቁጠሩት እስቲ። ክሱ ሲገባ ለጆን የቀረው ዕድሜ አስር ዓመት አይሞላም ነበር፤ አራቱ በክርክር አለቁ። እኛም በየስቴቱ፣ በየአገሩ በማኅበርና በእድር ስንካሰስ አይተናል። ፍርድ ቤት አትሂዱ አንልም፤ ፖልም ሌላ መንገድ አልነበረውም። ከወዳጅ ጋር ሥራ ስትጀምሩ ግን መለያየት ቢመጣ በምን እንደምትወጡ ውሉ ላይ ጻፉት። ጠበቃው የጠበቃውን ሥራ ይሥራ፣ እናንተ ስልኩን አትዝጉ። ዛሬ የምትደውሉለት ሰው ካለ ደውሉለት። አስተያየታችሁን ጻፉልን። ቸር ይግጠመን።